ጄሉ ባዶ፣ ፒኩ ብዙ፦ የእንቁራሪት የዘረመል መለያ ሲሠራ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ይህ ጽሑፍ ቦት ጫማ አድርገው ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር፣ ወደ ጣርማበር ወይም ወደ መንዝ ረግረጎች ለሚሄዱ ተማሪዎች ነው። ናሙናውን ሰብስባችኋል፣ ላብ ገብታችኋል፣ ነገሩ ግን አልሄደም። ችግሩን ከምልክቱ ተነስተን እንፈልገው።

ሰሜን ሸዋ ለዚህ ሥራ የተመቸ አገር ነው። ከጣርማበር ሸንተረር በስተምሥራቅ የወረደ ዝናብ ወደ አዋሽ ይሄዳል። በስተምዕራብ የወረደው በበሬሳና በመሰሎቹ በኩል ጀማ ይገባል፣ ከዚያም ዓባይ። አንድ ሸንተረር ውሃውን ለሁለት ይከፍለዋል። እንቁራሪቶቹንስ ይከፍላቸዋል? ጥያቄው ያጓጓል። መልሱ የሚገኘው ግን የዘረመል መለያው በትክክል ሲሠራ ብቻ ነው።

መለያ ስል በዋናነት ማይክሮሳተላይት ማለቴ ነው። ዲኤንኤ ውስጥ “ኤሲኤሲኤሲ” ወይም “ጂኤቲኤጂኤቲኤ” እያለ የሚደጋገም አጭር ቁራጭ አለ። ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ከእንስሳ እንስሳ ይለያያል። ግራና ቀኙን የሚይዙ ሁለት ፕራይመሮች፣ ማለትም አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች፣ ትነድፋላችሁ፤ ዲኤንኤን ደጋግሞ በሚቀዳው ፒሲአር ታባዛላችሁ፤ ርዝመቱን ትለካላችሁ። እያንዳንዱ እንቁራሪት ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ርዝመት ይወርሳል፤ እያንዳንዱ ርዝመት አሊል ይባላል። ሲያወሩት ቀላል ነው።

አበው “ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” ይላሉ። እዚህ ሥራ ላይ ከሰማኋቸው ምክሮች ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው። ስክሪኑ ላይ የምታዩት ችግር ብዙ ጊዜ የተፈጠረው ስክሪኑ ጋ አይደለም። አንድ ወይም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ነው። አንዳንዴም እዚያው ረግረጉ ዳር።

ዲኤንኤው ጄል ላይ ተበትኗል

ጄል ዲኤንኤን በኤሌክትሪክ እየገፋ በመጠኑ የሚለይ ዝልግልግ ሰሌዳ ነው። ጤነኛ ዲኤንኤ ከጄሉ አናት ብዙ ሳይርቅ አንድ ወፍራም መስመር ሆኖ ይቆማል። የእናንተ ከላይ እስከ ታች ተዘርግቶ ከደበዘዘ ተሰባብሯል ማለት ነው። ያወጣችሁበትን ኪት ከመራገማችሁ በፊት ናሙናው የተቀመጠበትን ፈሳሽ ተጠራጠሩ።

ከፋርማሲ የሚገዛው አልኮል አብዛኛውን ጊዜ 70 ፐርሰንት ነው። ለቁስል ይሆናል፣ ለዚህ አይሆንም። የሚያስፈልገው 95 ወይም 96 ፐርሰንት ኢታኖል ነው። “አረቄ አይሆንም?” ብሎ የሚጠይቅ መቼም አይጠፋም። ዳግም አረቄም ቢሆን ለመንዝ ብርድ እንጂ ለናሙና አይበቃም።

ኢታኖሉ ጥሩ ሆኖም ሊበላሽ ይችላል። የእንቁራሪት ሥጋ ውሃ ይበዛዋል። ትልቅ ቁራጭ ትንሽ አልኮል ውስጥ ከከተታችሁ ውሃው ወጥቶ አልኮሉን ያቀጥነዋል። ለአንድ እጅ ሥጋ ቢያንስ አሥር እጅ አልኮል ይሁን። በማግስቱ ደግሞ ፈሳሹን ቀይሩት። ይህችን የማግስት ቅያሬ ሰው ሁሉ ያውቃታል፣ የሚያደርጋት ግን ጥቂት ነው።

ቁራጩ ከስንዴ ፍሬ አይብለጥ። የእንቁራሪት ቀይ የደም ሴል እንደ እኛ ሳይሆን ኒውክለስ አለው። ስለዚህ ከትንሽ ሥጋና ደም ብዙ ዲኤንኤ ይወጣል። ሥጋ ሲበዛ ማጣሪያው ይደፈናል፣ የሚወጣውም ይቆሽሻል። አፍ ውስጥ በጥጥ ጠርጎ መውሰድም ይቻላል። እንስሳው ሳይጎዳ ወደ ውሃው ይመለሳል። የሚገኘው ዲኤንኤ ግን ትንሽ ነው፤ የዚያን ጣጣ ወደ ታች እናየዋለን።

ለሙዚየም የሚቀመጥ ናሙና ካላችሁ ፎርማሊን ከመግባቱ በፊት ሥጋውን ቆርጣችሁ ለብቻ አስቀምጡ። ፎርማሊን ዲኤንኤን ከፕሮቲን ጋር ያቆራኘዋል፣ ይሰባብረዋልም። ኋላ ለማላቀቅ መድከም ይቻላል፣ ለማይክሮሳተላይት ግን አይመከርም።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ቲዩቡ ላይ በማርከር የጻፋችሁት ቁጥር አልኮል ሲነካው ይጠፋል። ትንሽ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፋችሁ ከሥጋው ጋር ቲዩቡ ውስጥ ክተቱ። የእርሳስ ጽሑፍ አልኮል አይፈራም። ክዳኑ ላይ “አን 14” የሚል ግማሹ የጠፋ ጽሑፍ ይዞ አንኮበር ይሁን አንጎለላ የሚከራከር ቡድን እንዳትሆኑ።

መብራት ቢጠፋስ? በኢታኖል ያለ ሥጋ ከብርሃንና ከሙቀት ከተጠበቀ ያለ ፍሪዘርም ይቆያል። የሚጎዳው የወጣው ዲኤንኤ ነው። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር እየቀለጠና እየረጋ ይሰባበራል። ከፋፍላችሁ በትንንሽ ቲዩብ አስቀምጡት፣ የዕለቱን ብቻ አውጡ።

ዲኤንኤው አለ፣ ፒሲአሩ ግን ዝም ብሏል

እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚከሰሰው ፕራይመሩ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዳይሆን ሁለት ነገር ለዩ። ሁሉም ናሙና በሁሉም ፕራይመር እምቢ ካለ ችግሩ ከዲኤንኤው ወይም ከቅልቅሉ ነው። ጥቂት ፕራይመሮች ብቻ እምቢ ካሉ ግን ከፕራይመሩ ነው።

የመጀመሪያው ሲሆን ሜላኒንን አስቡ። የደጋ እንቁራሪት ቆዳ ብዙ ጊዜ ጠቆር ይላል። ያን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ከዲኤንኤው ጋር አብሮ ይወጣና በፒሲአር ዲኤንኤን የሚቀዳውን የታክ ኢንዛይም ሥራ ያግዳል። የወጣው ፈሳሽ ቡናማ ከሆነ በዓይናችሁ አያችሁት ማለት ነው። ቀላሉ ፈተና ዲኤንኤውን አሥር እጥፍ አቅጥኖ እንደገና መሞከር ነው። ቀጥኖ ከሠራ ጥፋቱ የአጋጁ ነው። ከዚያ በኋላ ቅልቅሉ ላይ አጋጁን የሚይዝ ቢኤስኤ የሚባል ፕሮቲን ጨምሩ፣ ወይም ሌላ ጊዜ ከቆዳ ይልቅ ከጡንቻ ውሰዱ። መጠኑ የሚለካው ናኖድሮፕ በሚባለው የብርሃን መለኪያ ላይ ብቻ ከሆነም ቁጥሩን አትመኑ። አርኤንኤም ቆሻሻም አብሮ ይቆጠራል። ንጽሕናን የሚያሳየው የ260/280 ውድር 1.8 አካባቢ መሆኑ ጥሩ ምልክት ነው፣ ዋስትና ግን አይደለም።

ሁለተኛው ሲሆን ፕራይመሩ ከየት መጣ? ከሌላ አገር እንቁራሪት የተዋሳችሁት ከሆነ ብዙ አትገረሙ። በወፎችና በአጥቢዎች የተዋሱት ፕራይመር ብዙ ጊዜ ይሠራል። በአምፊቢያን ላይ ዕድሉ ዝቅ ይላል። አንድ ስም የያዙ ወገኖች ቢሆኑ እንኳ በመካከላቸው ሚሊዮን ዓመታት ሊኖር ይችላል። የጂኖሙ፣ ማለትም የሙሉው ዲኤንኤ፣ መጠንም ነገር ያከብዳል። የሰው ጂኖም ወደ 3 ቢሊዮን ፊደል ነው። ትሮፒካሊስ የሚባለው የአፍሪካ የውሃ እንቁራሪት 1.7 ቢሊዮን አካባቢ ነው። አክሶሎትል የሚባለው የሜክሲኮ ሳላማንደር ግን 32 ቢሊዮን ይደርሳል። ጂኖሙ በሰፋ ቁጥር በእኩል ክብደት ዲኤንኤ ውስጥ የምትፈልጉት ቦታ ቅጂ ያንሳል። ስለዚህ ለአይጥ የተጻፈውን የዲኤንኤ መጠን ዝም ብላችሁ አትገልብጡ።

በአጭሩ፣ አቅም ካለ የራሳችሁን አዘጋጁ። ድሮ ድግግሞሹን በባዮቲን መንጠቆና በማግኔት እያጠመዱ ማውጣት ነበረባቸው። አሁን የአንድ እንስሳ ዲኤንኤ በስሱ ሲኩዌንስ ይደረጋል፣ ማለትም ፊደሎቹ ይነበባሉ፤ ኮምፒውተር ድግግሞሾቹን ይለቅማል፣ ፕራይመር ሶስት ፕሮግራምም ግራና ቀኙን ይነድፋል። ሲለቀም በሺህ ይቆጠራል። የምትፈትኑት በአሥሮች ነው። መጨረሻ የሚተርፈው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ከሆነ ተሳክቶላችኋል።

ፕራይመሩ ደካማ ባንድ፣ ማለትም ጄል ላይ ደብዛዛ መስመር፣ ከሰጠ ሙቀቱን ከ60 ጀምሮ ወደ 50 ዲግሪ እያወረደ የሚሄደውን ተችዳውን ፒሲአር ሞክሩ። ማግኒዚየሙንም ከ1.5 ወደ 2.5 ሚሊሞላር ከፍ አድርጉ። ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ግን ባዶው ቲዩብ ባዶ ሆኖ ከወጣ ብቻ ነው። ዲኤንኤ ያልገባበት ቲዩብ ባንድ ካሳየ የዕለቱ ሥራ በሙሉ ይጣላል። ያናድዳል፣ ግን ይጣላል።

አንድ ባንድ ስትጠብቁ አሥር መጣ

የአምፊቢያን ጂኖም ትልቅ የሆነበት አንዱ ምክንያት ራሱን እየቀዳ የሚበተን ትራንስፖዞን የሚባል ዲኤንኤ ስለሚበዛበት ነው። ድግግሞሻችሁ እንዲህ ባለ ቁራጭ ውስጥ ከተቀመጠ ግራና ቀኙም ጂኖሙ ውስጥ በመቶ ቦታ አለ። ፕራይመሩ ሁሉንም ይይዛል። ሙቀት ብትጨምሩም አይላቀቅም።

ይህን ላብ ውስጥ ለማከም አትድከሙ። መፍትሄው ከመንደፍ በፊት ነው። የፕራይመሩ ፊደላት ከሲኩዌንሱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገኙ ቁጠሩ። ከሚጠበቀው በላይ ደጋግሞ ከታየ ያ ፕራይመር ይሰረዝ። ገንዘብ ከፍላችሁ ከማዘዛችሁ በፊት ማለት ነው። ይህችን ማጣሪያ የዘለለ ሰው በፕራይመር ሒሳብ ይከፍላታል።

ፒኩ ደረጃ ሠራ፣ ወይም ሁለት ራስ አወጣ

አሁን ርዝመቱን የሚለካው ማሽን ላይ ነን፤ እያንዳንዱ ርዝመት ስክሪኑ ላይ ፒክ፣ ማለትም ሹል ጉብታ፣ ሆኖ ይታያል። ከትልቁ ፒክ በስተግራ ሁለት ሁለት ፊደል እየቀነሱ ትንንሽ ፒኮች ተደርድረዋል። ይህ ስታተር ነው። ታክ ኢንዛይም ድግግሞሹን ሲቀዳ ይንሸራተትና አንድ ዙር ይዘላል። ባለ ሁለት ፊደል ድግግሞሽ ላይ ይብሳል፣ ባለ አራት ፊደል ላይ ይቀላል። የመምረጥ ዕድል ካላችሁ ባለ አራቱን ምረጡ።

የሚያሳስተው ጎረቤታም አሊሎች ሲመጡ ነው። ንጹሕ ስታተር ሁልጊዜ ከዋናው ፒክ ያጥራል። የግራው ፒክ ከቀኙ እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ ግን ሁለት አሊል ናቸው። የግራው አሊል በራሱ ቁመት ላይ የቀኙን ስታተር ደርቦ ስለሚወጣ ነው። ይህን ሕግ ንባብ ከመጀመራችሁ በፊት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ሁለት ሰው ለየብቻ ያንብብና ኋላ ይተያይ።

ሁለት ራስ ያለውና በአንድ ፊደል ብቻ የሚለያይ ፒክ ደግሞ ሌላ ነው። ታክ መጨረሻ ላይ አንዲት ትርፍ “ኤ” ይጨምራል፤ ግን ሁሉም ቅጂ ላይ አይደርስም። ሁለት መፍትሄ አለው። አንዱ የመጨረሻውን ማራዘሚያ ደቂቃ ወደ 30 ወይም 45 ማስረዘም ነው። ሌላው በኋላኛው ፕራይመር ጫፍ ላይ “ጂ፣ ቲ፣ ቲ፣ ቲ፣ ሲ፣ ቲ፣ ቲ” የሚሉትን ሰባት ፊደላት መጨመር ነው። ይህች ጅራት ታክ ትርፏን “ኤ” ሁሉም ላይ እንዲጨምር ትገፋፋዋለች።

ለወጪ ሲባል በፕራይመሩ ጫፍ የሚቀጠለውን ኤም13 የሚባል ጅራት የተጠቀማችሁ ከሆነ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ነው። እያንዳንዱን ፕራይመር በቀለም ከማሠራት ይልቅ አንድ ባለ ቀለም ፕራይመር ለሁሉም ያገለግላል። ብር ይቆጥባል። ጅራቷ ግን 18 ፊደል ናት። ዘንድሮ በጅራት፣ ከርሞ ያለ ጅራት ብትሠሩ አሊሎቹ ሁሉ በ18 ፊደል ይዛወራሉ። ሁለቱን ዳታ ያለ ማስተካከያ ብታቀላቅሉ የዘንድሮና የከርሞ እንቁራሪቶች የማይተዋወቁ ሕዝቦች ሆነው ይወጣሉ። ማሽን ሲቀየርም መጠነኛ ሽግሽግ አለ። በእያንዳንዱ ዙር ርዝመታቸው የታወቀ ሁለት ሦስት ናሙናዎች አብረው ይሩጡ።

አንድ እንቁራሪት ሦስት አራት አሊል አለው

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብክለት ነው። አንድ ናሙና ብቻ ከሆነ፣ በብዙ መለያዎችም ላይ ሦስት አሊል ካሳየ፣ ሁለት እንስሳ ተቀላቅሏል። መቀሱን በየመሀሉ አላጸዳችሁትም ማለት ነው። ዲኤንኤውን ከቀረው ሥጋ እንደገና አውጡ።

ሁሉም ናሙና እንዲህ ከሆነ ግን እንስሳውን እወቁት። በደጋው ኩሬና ወንዝ ውስጥ ጥፍራሟ የውሃ እንቁራሪት አለች፤ ሳይንሳዊ ስሟ ዜኖፐስ ክሊቪ ነው። ቴትራፕሎይድ ናት፣ ማለትም ክሮሞዞሟ በሁለት ሳይሆን በአራት እጅ ነው። 36 ክሮሞዞም አላት። ጂኖሟ በጥንት ጊዜ በእጥፍ የተባዛ ስለሆነ አንድ ፕራይመር ሁለት የተለያዩ ቦታዎችን ሊይዝ ይችላል። አራት ፒክ ስህተት አይደለም፣ እውነት ነው። ግን እንደ ተራ ባለ ሁለት አሊል ዳታ መተንተን አይቻልም። የሁለቱን ቅጂዎች ልዩነት አይታችሁ አንዱን ብቻ የሚይዝ ፕራይመር ንደፉ። ካልተቻለ ያ መለያ ይውጣ። ከአራቱ ሁለቱን መርጦ መጻፍ የለም።

ሄትሮዛይጎቱ አነሰ

ብዙ ተመራቂ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ስለዚህ ትንሽ እንቆይ።

ፕሮግራሙ ከሚጠበቀው ያነሰ ሄትሮዛይጎት፣ ማለትም ሁለት የተለያየ አሊል ያለው እንስሳ፣ አገኘ። ይህን ጉድለት የሚለካው ኤፍአይኤስ የሚባለው ቁጥር ከዜሮ በላይ ወጣ። ተማሪው ደስ ይለዋል። “ረግረጉ ታርሶ ሕዝቡ ስላነሰ ዘመድ ከዘመድ እየተዳቀለ ነው” ብሎ ይጽፋል። ታሪኩ ያምራል። መንዝም ሆነ ሞረት ረግረጉ ለእርሻና ለግጦሽ እየሄደ መሆኑን ማንም ያያል። ግን ያ ታሪክ ከመጻፉ በፊት ሦስት ሌሎች ተጠርጣሪዎች ይጠየቁ።

የመጀመሪያው ናል አሊል ነው። ፕራይመሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አንዲት ፊደል ብትቀየር ያ አሊል አይባዛም። እንስሳው ሁለት አሊል እያለው አንዱ ብቻ ይታያል። ሆሞዛይጎት፣ ማለትም ሁለቱም አሊሎቹ አንድ የሆኑ፣ መስሎ ይመዘገባል። ሁለቱም አሊሎች እንዲህ ከሆኑ ደግሞ ጭራሽ ምንም አይወጣም። ስለዚህ ምልክቱ ይህ ነው፦ አንድ ናሙና በዘጠኝ መለያ እየሠራ በአንዱ ብቻ ደጋግሞ እምቢ ይላል። በሁሉም እምቢ ካለ ዲኤንኤው ነው ብለናል። በአንዱ ብቻ ከሆነ ናል አሊል ነው።

ሁለተኛው የአሊል መጥፋት ነው። ከአፍ ጥራጊ የወጣ ጥቂት ዲኤንኤ ላይ ይበዛል። ፒሲአሩ አንዱን አሊል፣ ብዙ ጊዜ አጭሩን፣ ያነሳና ሌላውን ይተዋል። በአንድ ሩጫ ሆሞዛይጎት፣ በሌላው ሄትሮዛይጎት ይሆናል። መለየት የሚቻለው ደጋግሞ በማሮጥ ነው። ጥራጊን ሦስት ጊዜ አሩጡ። የደህናውን ናሙና አሥር በመቶ ያህልም ድገሙና የስህተት መጠናችሁን በቁጥር ጻፉ። ገምጋሚ ሁልጊዜ ይጠይቃታል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ምናልባት “አንድ ዝርያ” ያላችሁት ሁለት ዝርያ ነው። ሁለት የማይዳቀሉ ወገኖችን በአንድ ቋት ብትቆጥሩ ሄትሮዛይጎት ያንሳል፤ ይህ ዋሉንድ ውጤት ይባላል። በኢትዮጵያ ደጋ ይህ ተራ ነገር ነው። ፕቲካዴና የሚባሉት የሣር እንቁራሪቶች ለረዥም ጊዜ በጥቂት ስሞች ይጠሩ ነበር። ዲኤንኤያቸውና ድምፃቸው ሲታይ ብዙ ዝርያዎች ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው የአመዳደብ ክለሳ ብቻ አራት አዳዲስ ዝርያዎች ተጨምረዋል። በመልክ ግን መንታ ይመስላሉ። አንዳንድ ቦታ ደግሞ እዚያው አንድ ጨፌ ላይ አብረው ይጮኻሉ።

እዚህ ላይ የአካባቢው ሰው ጆሮ ከእኛ ይበልጣል። ባትሪ ይዘን በምሽት ረግረግ ውስጥ ስንዞር አንድ አባት ከማሳቸው እየተመለሱ ቆሙ። “ምን ጠፋችሁ፣ ልጆቼ?” አሉ። “እንቁራሪት ነው አባባ፣ ለትምህርት” አልናቸው። ሳቁ። ከዚያ፣ “የቱን? የሚንጫጫውን ነው ወይስ ያንን አንዴ ብሎ የሚያቆመውን?” እኛ መዝገባችን ላይ አንድ ስም ብቻ ነበር የጻፍነው። ከዚያ ወዲያ ሥጋ ከመቁረጥ በፊት ድምፅ በስልክ መቅዳት ልማድ ሆነ።

ሦስቱን እንዴት እንለያቸው? ሰንጠረዡን በሁለት አቅጣጫ አንብቡት። አንድ መለያ ብቻ በሁሉም ቦታ ሄትሮዛይጎት ካነሰው ናል አሊል ነው። ሁሉም መለያዎች በአንድ ቦታ ብቻ ካነሳቸው የሕዝቡ ጉዳይ ነው፦ ወይ ቅልቅል ዝርያ፣ ወይ እውነተኛ የዘመድ መዳቀል። በሁሉም ቦታ በሁሉም መለያ ካነሰ ዲኤንኤው ወይም አነባበቡ ይፈተሽ።

ቅልቅል ዝርያን ለማጣራት 16ኤስ የሚባለውን የሚቶኮንድሪያ ጂን ሲኩዌንስ አድርጉ። ለአምፊቢያን ሲኦአይ ከሚባለው ሌላ የሚቶኮንድሪያ ጂን ይልቅ እሱ ይመረጣል። ፕራይመሮቹ በብዙ ዝርያ ላይ ያለ ችግር ይሠራሉ፣ ወደ 550 ፊደል ይሰጣሉ። ሁለት የራቁ ቡድኖች ከመጡ ዳታውን በዚያው ከፋፍሉና ኤፍአይኤስን እንደገና አስሉ። በየቡድኑ ወደ ዜሮ ከተመለሰ ችግራችሁ መዳቀል አልነበረም።

ለናል አሊል ማይክሮቼከር የሚባለው ፕሮግራም ይጠቁማችኋል፣ አይፈርድላችሁም። መድኃኒቱ ፕራይመሩን ትንሽ ራቅ አድርጎ እንደገና መንደፍ ነው። ወይም ሙቀቱን ዝቅ ማድረግ። ወይም መለያውን ማስወጣት። ሦስቱም ተጠርጣሪዎች ነጻ ከወጡና ሄትሮዛይጎቱ አሁንም ካነሰ፣ ያኔ ስለ ዘመድ መዳቀል ጻፉ። ያኔ ማንም አይነቀንቃችሁም።

እያንዳንዱ ኩሬ የራሱ ዓለም ሆኖ ወጣ

በሁለት ኪሎ ሜትር የሚራራቁ ኩሬዎች ፈጽሞ የተለያዩ ሆነው ከወጡ በእጃችሁ ያለው ምንድነው ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ እጭ ነው። ጅራታም እጭ በመረብ አንዴ ሲዛቅ ሠላሳ ይያዛል። ትልቁን እንቁራሪት ግን በብርድ ሌሊት አንድ በአንድ ማሳደድ ነው። ስንፍና ያሸንፋል።

አንዲት ሴት በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ልትጥል ትችላለች። የያዛችኋቸው ሠላሳ እጮች የሁለት እናቶች ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። ያኔ የለካችሁት ሕዝብን ሳይሆን ሁለት ቤተሰብን ነው። መለያዎቹም እርስ በርስ የተያያዙ መስለው ይወጣሉ።

የሚመረጠው ከ25 እስከ 30 ጎልማሳ ከየቦታው መያዝ ነው። እጭ ብቻ ካለ ከተለያየ የኩሬው ጥግና በተለያየ ሳምንት ያዙ። የጅራት ጫፍ ይበቃል፣ ይተካልና። ኮሎኒ የሚባለው ፕሮግራም ወንድማማቾችን ይለይላችኋል። ሁሉንም ወንድማማች ነቅሎ መጣልም ግን ደግ አይደለም። በትንሽ ሕዝብ ውስጥ ወንድማማች መገኘቱ የተፈጥሮ ነገር ነው። ከአንድ እናት ብዙ የበዙትን ቀንሱ፣ ውጤቱን በሁለቱም መንገድ አሳዩ።

ጊዜውንም አስቡበት። በደጋው በበልግ የሚጮኸውና በክረምት የሚጮኸው አንድ ላይሆን ይችላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ ደግሞ ጨፌው ጸጥ ይላል፣ መድከም ብቻ ነው።

ስትራክቸር “ሁለት ቡድን” አለ

ስትራክቸር እንስሳቱን በዘረመላቸው በቡድን የሚከፍል ፕሮግራም ነው። ሁልጊዜ ሁለት ይላል ማለት ይቀላል። የቡድኑን ቁጥር ለመምረጥ የተለመደው የዴልታ ኬ ስሌት ከባሕርዩ “አንድ ቡድን ነው” ማለት አይችልም። ስሌቱ ከአንድ አይጀምርምና። ስለዚህ ለአንድና ለሁለት የወጡትን ዋና ቁጥሮች ራሳችሁ አነጻጽሩ።

ሌላው ወጥመድ አሰባሰባችን ነው። መኪና የሚደርስባቸው ቦታዎች ላይ ነው የምንቆመው። ደብረ ብርሃን አካባቢ ሦስት ቦታ፣ ከዚያ ዘልለን ሸዋ ሮቢት መንገድ ላይ ሁለት ቦታ። በመካከል ባዶ ነው። እንቁራሪቶቹ በርቀት ቀስ እያሉ ቢለያዩ እንኳ ፕሮግራሙ ሁለት ቡድን አድርጎ ይቆርጣቸዋል። ከዚያ “ሸንተረሩ ለያቸው” ተብሎ ይጻፋል። ልዩነታቸውን ከርቀታቸው ጋር ሣሉት። ነጥቦቹ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ከያዙ ሸንተረሩ ጥፋት የለበትም። እኩል በሚራራቁ ቦታዎች መካከል ሸንተረሩን የተሻገሩት ብቻ ከፍ ካሉ፣ ያ ግኝት ነው። ይህን ለማየት ከዳገቱም፣ ከቁልቁለቱም፣ ከመሀሉም ናሙና ያስፈልጋል። መሀሉ በእግር ነው። በቅሎም አይከፋም።

ካርቶኑ አልሄደም

ይህኛው ችግር ላብ ውስጥ አይታይም፤ ሥራውን ለወራት የሚያቆመው ግን እሱ ነው። ሲኩዌንሲንጉ ውጭ አገር ከሆነ የዘረመል ሀብት ከአገር ማውጣት ፈቃድ ይጠይቃል። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ይገዛዋል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። እንስሳውን ለመያዝ ደግሞ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አለ። ጓሳ ከገባችሁ የመንዝ ማኅበረሰብ ራሱ ለዘመናት የጠበቀው ቦታ ነውና ከጠባቂዎቹ ጋር ሳትነጋገሩ መረብ እንዳታወጡ። ወረቀቱን የመጀመሪያው ናሙና ከመያዙ በፊት ጀምሩ።

ኢታኖል ተቀጣጣይ ስለሆነ የአየር ጭነት ላይም ይጣራል። ከመላኩ በፊት ፈሳሹን አፍስሳችሁ ሥጋውን በጥቂቱ እርጥብ አድርጎ ማሸግ የተለመደ ነው፤ አጓጓዡ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚፈቅድ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ወይም ከመነሻው ዲኤምኤስኦና ጨው ባለበት ፈሳሽ ሰብስቡ። አይቀጣጠልም፣ ያለ ፍሪዘርም ይቆያል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ከእያንዳንዱ ሥጋ ግማሹ እዚሁ ይቅር። ካርቶኑ መንገድ ላይ ከጠፋ ያንኑ እንቁራሪት ፍለጋ የምትመለሱት በሚቀጥለው ክረምት ነው።